ሳጥኑ ሳይከፈት የተጻፈው ዝርዝር፦ የአንዲት ባለሪሞት መኪና ጉዳይ በሐዋሳ

ይህ ጽሑፍ የእህቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ ለገጣጠማት የመጀመሪያ ባለሪሞት መኪናው ተጨማሪ ዕቃዎችንና ማሻሻያዎችን እንዴት እንደመረጠ፣ ከመረጣቸው ውስጥም የትኞቹ ሥራ ላይ እንደዋሉና የትኞቹ እስከ ዛሬ ከነማሸጊያቸው እንደተቀመጡ ይተርካል። የእኔ መተዳደሪያ የባጃጅና የአነስተኛ መኪናዎች ኤሌክትሪክ ጥገና ሲሆን፣ በጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በመጀመሪያ እንደ አጎት፣ በኋላ እንደ ጋራዥ ባለቤት፣ በመጨረሻም፣ ሳልደብቅ ልናገርና፣ እንደ ሁለተኛ ሾፌር ነበር። ስለዚህ አንባቢው የምሰጠውን ፍርድ ከዳር ቆሞ እንደታዘበ ሰው ፍርድ አድርጎ እንዳይወስደው አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ኪቱ፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የመኪና ክፍሎች ሳጥን፣ የታሚያ ቲቲ-02 ነው። ታሚያ መቀመጫውን በጃፓን ሺዙኦካ ያደረገ የሞዴል አምራች ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ባለሪሞት መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ቲቲ-02 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል፣ አራቱንም ጎማዎች በመሐል ዘንግ የሚያሽከረክር፣ በአብዛኛው ለጀማሪዎች የሚመከር ሻንሲ ነው። በእኛ ሳጥን ውስጥ የፕላስቲክ ክፍሎች፣ ብሎኖች፣ 540 የሚባለው ባለካርቦን ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር፣ ጎማዎችና ቀለም ያልነካው እንደ መስታወት የሚያሳይ ቦዲ ነበሩ። ሪሞቱ፣ መኪናዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩና ቀለሙ ግን አልነበሩም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ኪት ገዛሁ ብሎ ሲደሰት ግማሽ መኪና ብቻ መግዛቱን የሚረዳው ሳጥኑን ከከፈተ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ይህን ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም ችግሩ ከሚገባው በላይ ማወቁ ላይ ነበር።

ኪቱን ይዛ የምትመጣው ዱባይ የምትኖረው አክስቱ ስትሆን፣ ከመምጣቷ ከሁለት ወር በፊት ልጁ አሥራ አራት ዕቃዎችን የያዘ ዝርዝር ጽፎ አሳየኝ። ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው) ሞተር ከነኮንትሮለሩ፣ ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ የአልሙኒየም የፊትና የኋላ ክንዶች፣ የአልሙኒየም የመሐል ዘንግ፣ የሞተር ማቀዝቀዣ፣ የመብራት ስብስብ፣ ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ፣ ባለዘይት ሾክ አብዞርበር፣ ትልቅ ፒኒየን (የሞተሩ ጥርስ)፣ ሌላም ሌላም ተጽፎበታል። ኩሽኔታ አሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ቻርጀር አሥራ አራተኛው ላይ ነበር። ካቻቪቴ ጨርሶ አልተጻፈም።

«ይህን ሁሉ የምትለውጠው የቱ ተሰብሮብህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ገና አልመጣችም እኮ!» አለኝ።

መልሱን ከሰጠ በኋላ ራሱም ፈገግ አለ፤ ዝርዝሩን ግን አላጠፈም። በእሱ ዕድሜ እኔም ባላጥፍ አይገርምም ነበር። ሆኖም ሁለት ነገሮች ምርጫውን ለማጥበብ አስገደዱን። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ትርፍ ዕቃ ሁሉ በብር ሲመታ ያስደነግጣል። ሁለተኛው የአክስቱ ሻንጣ ነው። ኪቱን ከወሰደች በኋላ ለተጨማሪ ዕቃ የተረፈችን ሁለት ኪሎ ብቻ ነበረች። ለምርጫችን መሻሻል ከእኔ ምክር ይልቅ ይህች ሁለት ኪሎ ብዙ እንደሠራች አምናለሁ።

መሬቱን ማየት

ዝርዝሩን ከመቁረጣችን በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት ልጁን ይዤ መኪናዋ ልትሮጥባቸው የምትችላቸውን ቦታዎች ስንዞር ዋልን። መኪና የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መንገዱን ነው፤ በደብረ ዘይት አስፋልት የሚሠራ ባጃጅና በገጠር መጋቢ መንገድ የሚሠራ ባጃጅ ወደ ጋራዥ የሚመጡት በአንድ ዓይነት ብልሽት አይደለም። ቲቲ-02 ደግሞ ከመሬት ያላት ከፍታ በጣት ስፋት የሚለካ፣ ለለስላሳ መሬት የታሰበች መኪና ናት።

ልጁ በሐሳቡ የመረጠው የፍቅር ሐይቅን አካባቢ አስፋልት ነበር። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ግን ከባጃጁ፣ ከብስክሌቱና ከሚንሸራሸረው ሰው ብዛት የተነሣ እንኳን ባለሪሞት መኪና ኳስ እንኳ ማንከባለል ነውር ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶን በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የመኪናዋን ጎማ ግማሽ ያህል ይውጣል። ከጋራዤ ጀርባ ያለው ሜዳ ሰፊና ሰው የማይበዛበት ቢሆንም፣ አፈሩ የሐዋሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለብሎኬት ሥራ ከሚቆፈረው ፑሚስ የሚወጣው ግራጫ ነጭ ብናኝ ነው። የቀረን የጋራዡ የሲሚንቶ ወለልና በሰንበት በር ተዘግቶ የሚያድረው የአንድ ጎረቤት መጋዘን ግቢ ነበር። ባለቤቱ ፈቀደልን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጥያቄያችን በሲሚንቶ ላይ የምትሮጥና አልፎ አልፎ ወደ ፑሚስ አፈር የምትወጣ መኪና ምን ያስፈልጋታል የሚል ሆነ፤ ከአሥራ አራቱ ስምንቱ በዚያው ምሽት ተሰረዙ። መብራቱ የተሰረዘው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ፑሚስ በእሳተ ገሞራ የተተፋ፣ አየር የሞላበት የመስታወት አረፋ ነው። ቁራጩ በውኃ ላይ እስኪንሳፈፍ ቀላል ቢሆንም፣ ሲደቅቅ እያንዳንዱ ብናኝ ስለት ያለው የመስታወት ስባሪ ይሆናል። የባጃጅ ኩሽኔታና ብሬክ በዚህ አፈር ምን እንደሚሆኑ በየቀኑ አያለሁ። ይህ ዕውቀት ከዝርዝሩ ግርጌ የነበረውን ኩሽኔታ ወደ አንደኛ ደረጃ አወጣው።

ኩሽኔታው

የእኛ ኪት መንኰራኩሮቹና ጥርሶቹ በሚዞሩባቸው ቦታዎች ላይ የሚገቡ የፕላስቲክ ቡሽንጎች ይዞ ነው የመጣው። ቡሽንግ ያለ ችግር ይሠራል፤ ነገር ግን ዘንጉ በቀጥታ ከፕላስቲኩ ጋር ስለሚፋተግ ጉልበት ይበላል፣ አቧራ ሲገባበትም ቀዳዳው ይሰፋና ጎማው መወዛወዝ ይጀምራል። ጥርስ የተሸከመ ዘንግ ሲወዛወዝ ደግሞ ጥርሶቹ እርስ በርስ መበላላት ይጀምራሉ። የሚተካው ኩሽኔታ 5 ሚሊሜትር የውስጥ፣ 11 ሚሊሜትር የውጭ ስፋትና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ በኩሽኔታ ነጋዴዎች ዘንድ ኤምአር115 በሚል ቁጥር ይታወቃል።

ከአክስቱ ሻንጣ ቦታ ለመቆጠብ ስል መጀመሪያ እዚሁ ለማግኘት ሞከርሁ። በመናኸሪያ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ 625 ቁጥርን አሳየኝ። የውስጡ ቀዳዳ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአፍታ ደስ አለኝ፤ የውጪው ግን 16 ሚሊሜትር ነው። ሌሎቹም ከዚያ የተለዩ አልነበሩም፤ የባጃጅና የወፍጮ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ እንዲህ ያለ ቀጭን ኩሽኔታ ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ከውጭ መምጣት ነበረበት።

እዚህ ላይ ልጁ የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ረዳን። ኩሽኔታ በሁለት ዓይነት ክዳን ይሸጣል። ከቁጥሩ ኋላ ዜድዜድ የሚል ፊደል ያለበት በቀጭን ቆርቆሮ የተጋረደ ሲሆን፣ ቆርቆሮው የውስጡን ቀለበት ስለማይነካ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ሆኖም በዚያች ክፍተት ብናኝ ይገባል። 2አርኤስ የሚል ያለበት በሁለቱም ጎን ጎማ አለው፤ ጎማው ቀለበቱን ስለሚነካ በጣት ሲያሽከረክሩት ከበድ ይላል፣ አቧራን ግን ይመልሳል። የሚሽከረከርበትን ቅለት ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ባለቆርቆሮውን ይወስዳል። እኛ ባለጎማውን ወሰድን፤ እስከ ዛሬም ከመንኰራኩሮቹ ኩሽኔታዎች አንዱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ልዩነቱን ለማየት መኪናዋን መጀመሪያ በቡሽንግ ገጣጥመን፣ ያለ ሞተር ከጋራዡ የመኪና መውጫ ተዳፋት ላይ እየለቀቅን የምትቆምበትን በኖራ ምልክት አደረግን፤ ከዚያ ኩሽኔታውን አስገብተን ደገምነው። ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው በሦስት ትላልቅ እርምጃ ያህል ይርቃል። ሁሉን ፈትቶ ዳግመኛ መግጠም አድካሚ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሙከራ ለማንም አልመክርም። ኩሽኔታው መኪናዋ ስትገጣጠም አብሮ ቢገባ ይሻላል፤ በኋላ ለማስገባት መላ ማርሽ ሳጥኑን መፍታት ግድ ነውና። ከማሻሻያዎች ሁሉ መኪናዋ ከመሮጧ በፊት መገዛት ያለበት ይህ አንዱ ብቻ ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ከሻንጣው የወጣው

በመጀመሪያው ዙር የመጡት ኩሽኔታው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት ከነሪሲቨሩ፣ የብረት ጥርስ ያለው መደበኛ ሰርቮ፣ 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ የኒኬል ባትሪ፣ ቻርጀርና የጃፓን ስታንዳርድ ካቻቪቴ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ካቻቪቴው ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። በጋራዥ ግድግዳ ላይ ሃያ ካቻቪቴ የሰቀለ ሰው ሌላ ካቻቪቴ ከዱባይ ሲያስመጣ ጎረቤት ቢስቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የጃፓን ባለመስቀል ብሎን ጭንቅላት በእጃችን ካለው የተለመደ ፊሊፕስ ጋር በዓይን ቢመሳሰልም ቅርጹ ይለያል፤ የተለመደው ካቻቪቴ እስከ ታች አይገባለትም፣ ሲጠብቅም ተንሸራትቶ ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ይልጠዋል። የዚህች መኪና ብሎኖች አብዛኞቹ ፕላስቲኩን ራሳቸው እየቀደዱ የሚገቡ ስለሆኑ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋሉ፤ ጭንቅላቱ አንዴ ከተላጠ ፕላስቲኩን ሳይጎዱ ማውጣት ሥራ ነው። ልጁ ካቻቪቴው ከሻንጣው እስኪወጣ አልታገሥ ብሎ በእኔው ካቻቪቴ ሦስት ብሎን አጥብቆ ነበር፤ ሁለቱን በፒንሳ አወጣናቸው፣ አንዱ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ቻርጀሩን በተመለከተ ልጁ መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው ለጃፓን ገበያ በተሠራ ርካሽ ቻርጀር ላይ ነበር። የጃፓን የቤት ኃይል 100 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው፤ በጀርባው ላይ 100 ቮልት ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቻርጀር እዚህ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ዕድሜው በሰከንድ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ ርካሾቹ ቻርጀሮች የሚሰጡት የኃይል መጠን ጥቂት ነው፤ 500 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ቻርጀር የእኛን ባትሪ ለመሙላት ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፣ በመካከሉም መብራት ሊጠፋ ይችላል። በመጨረሻ የገዛነው ከ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራ፣ መጠኑን እስከ 3 አምፒርና ከዚያ በላይ ማስተካከል የሚቻል፣ የኒኬልንም የሊፖንም ባትሪ የሚሞላ ነው። መብራት ሲጠፋ ከባጃጅ ባትሪ ላይ እንቀጥለዋለን፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ይሞላል። በዋጋ ከሪሞቱ ይበልጥ ነበር። ልጁ በገዛው ጊዜ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ለጓደኞቹ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

ሰርቮውን ብዙ አላወራበትም፤ የብረት ጥርስ ይኑረው፣ በእሱና በመሪው መካከል ያለው ምት የሚያበርድ የሰርቮ መከላከያ ሳይቀር ይግጠም፣ ይበቃል።

ቦዲው ግን አስቸግሮናል። ፖሊካርቦኔት የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው፤ ቀለሙም ቦዲው ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፍ ልዩ ቀለም መሆን አለበት። ይህ ቀለም በብዛት የሚሸጠው በሚነፋ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይገባም። ልጁ በቀጥታ ለመኪና ቀቢ ሊሰጠው ሲል፣ ከቦዲው ጠርዝ ተቆርጦ በሚጣለው ቁራጭ ላይ እንሞክር አልሁት። የመኪናው ቀለም በማግስቱ ቁራጩ ሲታጠፍ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ። በሁለተኛው ዙር በብሩሽ የሚቀባ የፖሊካርቦኔት ቀለም በትንሽ ጠርሙስ እስኪመጣ ድረስ መኪናዋ ለአራት ወር ሆድ ዕቃዋ እየታየ ሮጠች።

ፒኒየኑና ሙቀቱ

መኪናዋ በሮጠች በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ከፍጥነቷ ጋር ተላመደና አነሰችበት። ይህ ያለ ጥርጥር በእያንዳንዱ ጀማሪ ላይ የሚደርስ ነው። ብራሽለስ ሞተሩን ዳግመኛ አነሣ። እኔም በወረቀት ላይ አብረን እንድናሰላ አደረግሁት፦ ሞተሩ ሲለወጥ ኮንትሮለሩ ይለወጣል፤ ኃይል ሲጨምር የባትሪው ማያያዣ ይሞቃል፤ ማያያዣው ሲጠነክር የፕላስቲክ ዘንጉና ዲፈረንሻሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፍጥነትን በጥቂት ብር የሚለውጥ አንድ ዕቃ አለ፤ እሱም ከሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ፒኒየን ነው።

ኪቱ 22 ጥርስ ያለው ፒኒየንና 70 ጥርስ ያለው ትልቅ ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቋሚ ምጣኔ 2.6 ነው። ስለዚህ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 8.27 ጊዜ ይዞራል። ልጁ 25 ጥርስ መረጠ፤ ምጣኔው ወደ 7.28 ወረደ፣ መኪናዋም በሲሚንቶው ላይ በዓይን በሚታይ መጠን ፈጠነች። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣ። በግማሽ ባትሪ አቁመን ሞተሩን ስነካው ጣቴ ከሁለት ሰከንድ በላይ አላረፈም። ወደ ፑሚሱ ሜዳ ስንወጣማ አሸዋው ጎማውን ሲይዘው የሞተሩ ድምፅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ትልቅ ፒኒየን ማለት በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ብዙ ኃይል ስለሚስብ ካርቦኑና መዳቡ ይቃጠላሉ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር ቀጠን ያለ ነው፤ ስለዚህ ሞተር የሚያቀዘቅዘው በመጠኑ አንሶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በመጽሐፍ ላይ ያለውን የሙቀት ምክር እስከ ጫፉ ድረስ መጠቀም እንደማይገባ ይጠቁማል።

በዚህ ጊዜ አንድ ስሕተትም ተሠርቷል፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ለሜዳው የሚሆን ትንሽ ፒኒየን ሲታዘዝ የጥርሱን ቁጥር ነገርሁ እንጂ የጥርሱን መጠን አልተናገርሁም። የእኛ መኪና ጥርሶች፣ ሞጁል በሚባለው የጥርስ መጠን መለኪያ፣ 0.6 ናቸው፤ የመጣው በሌላ መለኪያ 48 ፒች የሚባለው ሲሆን በሞጁል ሲሰላ 0.53 ገደማ ይሆናል። በእጅ ሲይዙት ልዩነቱ አይታይም። ገጠምነው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የትልቁ ጥርስ ጫፎች እንደ ቆሎ ታኘኩ። በሙያዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቼን ሳምፕል ይዛችሁ ሂዱ ስል ኖሬ፣ ራሴ ሳምፕል ሳልልክ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትክክለኛው 19 ጥርስ ምጣኔውን 9.58 አደረገው፤ በሜዳው ላይ መኪናዋ ቀስ ትላለች፣ ሞተሩ ግን ይነካል፣ ባትሪውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አሁን ሁለት ፒኒየን አለን፤ ለሲሚንቶ 22፣ ለሜዳ 19። ሃያ አምስቱ በቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥሏል።

አልሙኒየሙ

ልጁ በሁለተኛው ዙር ሳይነግረኝ የአልሙኒየም የፊት ክንዶች ለአክስቱ አዘዘ። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቁ፣ በእርግጥም ያማሩ ነበሩ። ኪቱ የሚያመጣቸውን የፕላስቲክ ክንዶች ሊሰበሩ ነው ብሎ ነበር የፈራው፤ እስከዚያን ቀን ግን አንድም አልተሰበረም። የገጠማቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ከመጋዘኑ የበር ምሰሶ ጋር ተላተመች።

ክንዱ ምንም አልሆነም። ሻንሲው ግን ክንዱን የሚይዘው ብሎን ከገባበት ቦታ ጀምሮ ተሰነጠቀ። የፕላስቲክ ክንድ ሲመታ ይታጠፋል፣ ሲብስ ይሰበራል፤ በመታጠፉና በመሰበሩ ምቱን ይውጠዋል። አልሙኒየሙ ስለማይታጠፍ ምቱን እንዳለ ወደ ኋላ አሳለፈው፤ ኋላ ያለው ደግሞ መኪናዋ በሙሉ የተሠራችበት አንድ ወጥ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። ክንድ ለመለወጥ ጥቂት ብሎን መፍታት ይበቃል። ሻንሲ ለመለወጥ ግን ከመጨረሻው ብሎን ጀምሮ መኪናዋን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። በባጃጅም ቢሆን ርካሹ ዕቃ ውዱን ለማዳን ሲል ቀድሞ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራበት ቦታ አለ፤ ያን ዕቃ በሚጠነክር መተካት ስብራቱን ወደ ውዱ ማዛወር ነው። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ስንጥቁን በሁለት ቀጭን ቆርቆሮና አራልዳይት በሚባለው ሙጫ አሰርነው፤ የፕላስቲክ ክንዶቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያው አራልዳይት እስከ አሁን ይዞ አለ።

አልሙኒየም ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሞተሩ የሚታሰርበት ከአልሙኒየም የተሠራ መያዣ ሙቀት ይስባል፣ ምትም አያገኘውም፤ እዚያ ቦታ ላይ ብረትነቱ ይጠቅማል። መመዘኛዬ ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ መታጠፍ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው።

ሊፖውና የጠፋው ሪሞት

ሊፖ ባትሪ በስድስተኛው ወር መጣ። ባለሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት፣ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን፣ ይህ 37 ዋት ሰዓት ስለሚሆን መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊይዘው ከሚችለው ከ100 ዋት ሰዓት በታች ነው፤ ሆኖም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ጫፎቹ በቴፕ ተሸፍነው በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት። አክስቱ ይህን አስቀድማ ጠይቃ ስለነበር በአየር ማረፊያው አልተቸገረችም።

ከኪቱ ጋር የመጣው ስፒድ ኮንትሮለር ግን ለኒኬል ባትሪ የታሰበ ነው፤ ሊፖው ከሚገባው በታች ሲወርድ የሚያቋርጥ ጥበቃ የለውም። የኒኬል ባትሪ ሲያልቅ መኪናዋ ትዝላለች እንጂ ባትሪው አይሞትም። ሊፖ ከሴል 3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ያበጠውን እንደገና መሙላት ደግሞ ቤት ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሊፖው በፊት ከየሴሉ በሚወጣው የባትሪው ቀጭን ሽቦ (የሚዛን ሽቦ) ላይ የሚሰካ፣ ማንኛውም ሴል 3.3 ቮልት ሲደርስ የሚጮህ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ማስጠንቀቂያ እንዲገዛ አስገደድሁ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሿ እሷ ናት። ሲሞላም ጋራዡ ወለል ላይ፣ በሸክላ ድስት ውስጥ፣ እኔ ባለሁበት ብቻ ነው፤ ሳንጠቀምበት ስንቆይ ሴሎቹን 3.8 ቮልት ገደማ ላይ እናቆያቸዋለን።

የመጨረሻው ጉዳይ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። አንድ እሑድ የሪሞቱ ትንንሽ ባትሪዎች መኪናዋ ሙሉ ጋዝ ላይ እያለች አለቁ። ሪሲቨሩ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ቀጠለ፤ መኪናዋ ክፍት በነበረው በር ወጥታ መንገዱን አቋርጣ ከቆመ ባጃጅ ሥር ገባች። ሾፌሩ ወርዶ «የማን ልጅ ናት?» አለ። ሳቅን፤ ግን ባጃጁ ባይቆምና ሕፃን ቢኖር የሚሆነውን ስላሰብሁ ሳቄ ብዙ አልቆየም። ሪሞቱ ሲጠፋ መኪናዋ ጋዝ እንድትለቅ የሚያደርገው ቅንብር ሪሲቨሩ ላይ ነበረ፤ መመሪያው ላይም ተጽፏል፤ እኛ አላደረግነውም ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲህ መኪናዋ ከመሮጧ በፊት በጡብ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ እየዞሩ፣ ሪሞቱ ሆን ተብሎ ይጠፋል። ጎማዎቹ ካልቆሙ አትወርድም።

በአሁኑ ጊዜ መኪናዋ ሳምንት በሳምንት ትሮጣለች። ከአሥራ አራቱ ዕቃዎች ስድስቱ ሥራ ላይ ናቸው። የባለዘይት ሾክ አብዞርበሩ ነገር ገና አልተወሰነም፤ ልጁ በባጃጅ ሾክ ዘይት ልንሞላው እንችላለን ይላል፣ እኔ ደግሞ የማዕድን ዘይት በሾኩ ውስጥ ያሉትን የሲሊኮን ቀለበቶች ያሳብጣል ብዬ እከለክላለሁ። አክስቱ በመስከረም ስትመጣ የምታመጣው ዝርዝር በዚህ ሳምንት ተጽፎ ተልኳል፦ አንድ ጥንድ የፕላስቲክ የፊት ክንድ፣ ሁለት ባለ70 ጥርስ፣ የሲሊኮን ዘይት፣ እና ቦዲውን የሚይዙት ትንንሽ የሽቦ ቁልፎች፣ አሥር። የኪቱ ቁልፎች አንድ በአንድ በፑሚሱ ውስጥ ጠፍተው ስላለቁ፣ ለጊዜው ከባጃጅ ፍሬን ሽቦ በፒንሳ የጠመዘዝናቸውን እየተጠቀምን ነው።